በአሜሪካ የካቶሊክ አህጉረ ስብከት በካህናት ላይ የሚቀርብ የወሲባዊ ጥቃት አቤቱታ አያያዝ

በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኙ የካቶሊክ አህጉረ ስብከት፣ ካህን ወይም ዲያቆን በሕፃን ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል የሚል አቤቱታ ሲደርሳቸው የሚመሩት ጳጳሳቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ ባጸደቁት ቻርተርና ቫቲካን በዚያው ዓመት ባጸናቻቸው አስገዳጅ ደንቦች ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የተለመደው፣ ጉዳዩን በጓዳ ይዞ ካህኑን ለሕክምና መላክና ወደ ሌላ ቁምስና (ደብር) ማዛወር ነበር። ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ይህ አሠራር በቦስተን ለዓመታት እንደቆየ ካጋለጠ በኋላ የከተማው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል በርናርድ ሎው በ2002 መጨረሻ መንበራቸውን ለቀቁ። ጳጳሳቱ አስጠንተውት በ2004 የወጣው የጆን ጄይ ኮሌጅ ጥናት ደግሞ ከ1950 እስከ 2002 ድረስ 4,392 ካህናት እንደተከሰሱ አሳየ።

አቤቱታ አቅራቢው ገና ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሀገረ ስብከቱ ለመንግሥት አካላት ያሳውቃል፤ አዋቂ ከሆነም ራሱ ለፖሊስ የማመልከት መብቱ ይነገረዋል። በንስሐ የተሰማ ነገር ግን ለማንም አይገለጥም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ (ቀኖና) አንቀጽ 1717 መሠረት በሚደረገው ቅድመ ምርመራ ካህኑ ንጹሕ እንደሆነ ይገመታል፣ የቀኖናም የዓለማዊም ሕግ ጠበቃ እንዲይዝ ይመከራል። በቂ ማስረጃ ሲገኝ ከአገልግሎት ታግዶ ጉዳዩ ወደ ቫቲካን የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ይህን ያዘዙት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2001 ነው። የቀኖናው ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ተጎጂው 18 ዓመት ከሞላው በኋላ 20 ዓመት ቢሆንም ጽሕፈት ቤቱ ሊያነሣው ይችላል። አንድ ድርጊት እንኳ ከተረጋገጠ ካህኑ ወደ አገልግሎት አይመለስም፤ ክህነቱ የማይነሣበት አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ቢሆን ቀሪ ዕድሜውን በጸሎትና በንስሐ እንዲያሳልፍ ይደረጋል።

በየሀገረ ስብከቱ ያለው ገምጋሚ ቦርድ ቢያንስ አምስት አባላት ሲኖሩት፣ አብዛኞቹ የሀገረ ስብከቱ ተቀጣሪ ያልሆኑ ምእመናን መሆን አለባቸው። ይሁንና ቦርዱ ጳጳሱን ያማክራል እንጂ አይወስንም፤ የሥርዓቱ ዋና ድክመትም እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ የዳላሱ ደንብ ካህናቱን አጥብቆ ሲይዝ ጳጳሳቱን በቅጣቱ ውስጥ አላስገባቸውምና። የቀድሞው ካርዲናል ቴዎዶር ማካሪክ በወሲባዊ በደል በ2019 ክህነታቸው ከተነሣ ከወራት በኋላ ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ ያወጡት ሕግ፣ በ2023 ቋሚ የሆነው፣ ጥፋት የሠራን ወይም የሸፈነን ጳጳስ የክፍለ ሀገሩ ሊቀ ጳጳስ እንዲመረምር ይፈቅዳል። ጳጳስን ጳጳስ መመርመሩ ግን አልቀረም።

ከውጭ የሚመጣው ግፊት ብዙ ጊዜ ከውስጡ ደንብ በላይ ሠርቷል። በ2018 የፔንስልቬንያ ዐቢይ የዳኞች ጉባኤ (ከዜጎች የተውጣጣ የወንጀል መርማሪ ጉባኤ) በስድስት አህጉረ ስብከት ከ300 በላይ ካህናትን የሚመለከት ዘገባ አወጣ፤ ኒው ዮርክ በ2019 የፍትሐ ብሔር ይርጋውን አላላ። የሎስ አንጀለስ ሀገረ ስብከት በ2007 ለተጎጂዎች 660 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ደግሞ 880 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ከፖርትላንድ በ2004 ጀምሮ በርካታ አህጉረ ስብከት የኪሣራ ጥበቃ ጠይቀዋል፤ ይህ ደግሞ ክሶቹን ስለሚያቆም ሰነዶቹ በችሎት ፊት የሚገለጡበትን ዕድል ያጠባል። አሁን አብዛኞቹ የአገሪቱ አህጉረ ስብከት ተአማኒ ክስ የቀረበባቸውን ካህናት ስም ያትማሉ፣ ሆኖም ማን እንደሚገባበት የሚወስን አንድ ወጥ ብሔራዊ መስፈርት ስለሌለ፣ በአንዱ ሀገረ ስብከት ዝርዝር ውስጥ ያለ ካህን ባገለገለበት በሌላው ላይገኝ ይችላል።