ስለ ባላንጣ አሰልጣኝ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ቅዳሜና እሁድ አልጠፋም። ጨዋታው ሳይጀመርም ካለቀም በኋላ ክርክሩ አንድ ነው። የባላንጣ አሰልጣኝ መቼ ይባረራል? ማንስ ይተካዋል? እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ማንቼዎቹ (የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች) ደግሞ ሁሌም አጠገቤ ናቸው። ወሬውን እወደዋለሁ። ግን በየሳምንቱ የምንደጋግማቸው አንዳንድ ነገሮች ስህተት ናቸው፣ ጓደኛ እስከማጣላትም ደርሰዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሶስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ አበቃለት»

ይህን በ2021 ስለ ራሴ ክለብ ሰምቼዋለሁ። አርሰናል የውድድር ዓመቱን ሲጀምር በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸነፈ። አንድም ጎል ሳያገባ 9 ተቆጠረበት፣ የሊጉ መጨረሻ ላይም ተቀመጠ። ማንቼዎቹ «አሰልጣኛችሁን አርቴታን እንዳታባርሩብን» እያሉ ሲያበሽቁን ከረሙ፤ ከእኛም መሃል ይሂድልን የሚለው ብዙ ነበር። ክለቡ ግን አልነካውም። በዚያው ዓመት 5ኛ ወጣ፣ ከዚያ ሶስት ዓመት በተከታታይ 2ኛ። ቡድኑ ያኔ በወጣቶች እየተገነባ ስለነበር አሰልጣኙን ማባረር ዕቅዱን ሁሉ ማፍረስ ነበር። አሰልጣኝ ፈርጉሰንም ማንቼ የገባው በ1986 ነው፣ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው ደግሞ በ1990።

«ዋንጫ የበላ አሰልጣኝ አይነካም»

ይነካል። ዲ ማቴዮ በሜይ 2012 ለቼልሲ ቻምፒየንስ ሊግ አምጥቶ በኖቬምበር ተሰናበተ። ራኒየሪ ከሌስተር ጋር ሊጉን በላ፣ ዓመት ሳይሞላው ተባረረ።

«ውሉን ስላደሱለት አያባርሩትም»

ውል የሚወስነው ሲባረር የሚከፈለውን ካሳ እንጂ የሚቆይበትን ጊዜ አይደለም። ሞይስ በ2013 ለስድስት ዓመት ፈርሞ አስር ወር እንኳ አልሞላም። ማንቼ በጁላይ 2024 የቴን ሃግን ውል አራዘመ፣ በኦክቶበር አሰናበተው።

«ሁሉም ቦታ ከተወራማ እውነት ነው»

እዚህ ላይ ነው በጣም የምንሸወደው። በ2024 መጀመሪያ አሰልጣኙ ክሎፕ ሊቨርፑልን እንደሚለቅ ሲያሳውቅ፣ እዚያችው ቤት አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው፤ ያኔ የጀርመኑ ሌቨርኩሰን አሰልጣኝ የነበረው ዣቢ አሎንሶ የሊቨርፑልን ማሊያ ለብሷል፣ ከሥሩ «ተፈራረመ» ይላል። ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ ፎቶውን አሰፋሁት። ማሊያው ደረት ላይ «ካርልስበርግ» ይላል። ያ ስፖንሰር ከማሊያው የወረደው በ2010 ነው፣ አሎንሶ ደግሞ ከ2004 እስከ 2009 እዚያው ተጫውቷል። ፎቶው እውነተኛ ነው፣ የተጫዋችነት ዘመኑ ነው። ዜናው ነው ውሸቱ። ይህን ሳሳያቸው አንዱ «ቢሆንም ይመጣል፣ ኦዱ ወርዷል» አለኝ። ኦድ አቋማሪ ቤቶች ለውርርድ የሚያወጡት የክፍያ ተመን ነው፤ ሲወርድ ነገሩ ሊሆን ነው ብለን እናስባለን።

ኦዱ የሚወርደው ክለቡ ስለወሰነ ሳይሆን ሰው ብር ስላስያዘበት ነው። ወሬውን ያመነ ሰው ያስይዛል፣ ኦዱ ይወርዳል፣ የወረደውን ያየ ደግሞ ወሬውን ያምናል። እንዲህ እየተሽከረከረ ይሄዳል። በመጨረሻ አሎንሶ ሌቨርኩሰን ቀረ። ሊቨርፑል አርኔ ስሎትን ከፌይኖርድ አመጣ፣ እሱም በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን በላ። እኛ ቤት ስሙን ያነሳ ሰው አልነበረም።

«አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ወዲያው ይለወጣል»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ቱኸል በጃንዋሪ 2021 ቼልሲ ገብቶ በሜይ ቻምፒየንስ ሊግ አንስቷል። ግን ክለቦች የሚያባርሩት ውጤቱ ሲብስ ነው፣ በዚያ ላይ ዕድልም ሲከዳቸው ነው። ከዚያ በታች መውረድ ከባድ ስለሆነ፣ ማንም ቢመጣ ትንሽ መሻሻሉ አይቀርም። ሶልሻየር በ2018 መጨረሻ በጊዜያዊነት ገብቶ የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ማንቼዎቹ ደስታቸውን አልቻሉትም ነበር። ዓመቱን ግን 6ኛ ሆነው ጨረሱ።

«ባላንጣ አሰልጣኙን ሲያባርር ለእኛ ጥሩ ነው»

ኦክቶበር 4፣ 2015 እሁድ ነበር። ሊቨርፑል ከኤቨርተን 1 ለ 1 ወጣ፣ ወዲያው አሰልጣኙ ሮጀርስ ተሰናበተ የሚል ዜና መጣ። በዚያው ቀን እኛ ማንቼን 3 ለ 0 አሸነፍን። ጨፈርን። ጎረቤቴ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ «ክለባችሁ ፈረሰ» አልነው። ማን ይመጣ ይሆን ብሎ የጠየቀ ከመሃላችን አንድም ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ክሎፕ ፈረመ። በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 ደግሞ 30 ዓመት የጠበቁትን ሊግ በሉ።