«ማሽኑ ነው የሚሠራው» እና ሌሎች ስለ ፓቶሎጂ የምሰማቸው ነገሮች

የሬዚደንሲ (ሐኪም ስፔሻሊስት የሚሆንበት ሥልጠና) ምደባ ወጥቶ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰው የተወሰደ ናሙና ተመርምሮ በሽታ የሚለይበት ዘርፍ፣ እንደደረሰኝ ቤት ስናገር እናቴ ዝም አለች። ጎረቤታችን ግን ዝም አላሉም። «አይዞሽ፣ ለከርሞ ደግሞ ይፈተናል» ብለው እናቴን አጽናኗት። ልጇ ሬሳ ቤት የተመደበ መስሏቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄው ግን አልቀረም። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ ይጠይቁኛል። የትኛውን ስፔሻሊቲ እንምረጥ ብለው የሚደውሉልኝ ወጣት ሐኪሞችም ከጎረቤታችን ብዙ አይርቁም። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላስቀምጥና አንድ በአንድ ልመልስ።

«ፓቶሎጂስት የሬሳ ሐኪም ነው»

የአስከሬን ምርመራ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልክድም። ፊልም ላይ የምናየው ፎረንሲክ ግን ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። የፓቶሎጂስት የቀን ተቀን ሥራ በሕይወት ካለ ሰው የመጣ ናሙና ነው።

ፓቶሎጂ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሉት። አንዱ አናቶሚክ ፓቶሎጂ ነው። በቀዶ ጥገና የወጣ ሥጋ ወይም በመርፌ የተቀዳ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት። ሁለተኛው ክሊኒካል ፓቶሎጂ ነው። ደም፣ ሽንት፣ የአከርካሪ ፈሳሽ፣ የባክቴሪያ ካልቸር (ተዋሲውን አብቅሎ ማየት)፣ የደም ባንክ እዚህ ይገባሉ። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱን አጣምሮ የሚማር 4 ዓመት ሬዚደንሲ ይሠራል፤ ክሊኒካሉን ብቻ የሚመርጥ 3 ዓመት። እንግሊዞች ደግሞ ክሊኒካሉን ለሄማቶሎጂ (ደም)፣ ለማይክሮባዮሎጂ (ተዋሲ) እና ለኬሚካል ፓቶሎጂ ከፋፍለው ለየብቻ ያስተምራሉ። እኛ አገር ሚዛኑ ወደ አናቶሚክ ያደላል። ይህ በእኔ ግምት አንድ ቀን መስተካከል ያለበት ነገር ነው።

ሬሳና ደም ደግሞ ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም። ኤ፣ ቢ፣ ኦ የምንላቸውን የደም ዓይነቶች ያገኘው ካርል ላንድስታይነር ቪየና ውስጥ ፓቶሎጂስት ነበር። ከ3,600 በላይ አስከሬን መርምሯል። የደም ዓይነቶቹን ግኝት እ.ኤ.አ. በ1901 አሳተመ፤ በ1930 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ ደም ተሰጥቶት የዳነ ሰው ሁሉ የአንድ «የሬሳ ሐኪም» ባለዕዳ ነው።

«ማሽኑ ነው የሚሠራው፤ እናንተ ትፈርማላችሁ»

ይቺን እወዳታለሁ። ግማሿ እውነት ስለሆነች። የደም ቆጠራ ማሽን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ምናምን ቁጥር ይተፋል። ነገር ግን የሚለካው የሰጡትን ነው። ምን እንደሰጡት አያውቅም።

ሬዚደንት ሳለሁ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሆስፒታሉን አልጠራም። ማታ ላይ የአንዲት እናት ውጤት ወጣ። ፖታሲየም 14። የጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። ካልሲየማቸው ደግሞ ከመሬት በታች ወርዷል። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሰው ልቡ መቆም አለበት። እየሮጥኩ ወደ ዋርድ ደወልኩ።

«ሴትየዋ እንዴት ናቸው?»

«እራት እየበሉ ነው። ምነው?»

የደም መቅጃ ብልቃጦች ክዳን ቀለም ያለው ለጌጥ አይደለም። ሐምራዊው ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለ፤ ደሙ እንዳይረጋ። ኢዲቲኤው የሚመጣው ከፖታሲየም ጋር ተጣምሮ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውም ካልሲየሙን ጨምድዶ ይዞ ነው። ለኬሚስትሪ በሚሄደው በቀዩ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ደም ሲያንስባቸው፣ ደሙን የቀዱት ሰዎች ከሐምራዊው ትንሽ ገልብጠው ሞሉት። በቃ ይኸው ነው። ፖታሲየሙ ጣራ ነካ፣ ካልሲየሙ ተሟጠጠ። እንደገና ተቀዳ፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። የመጀመሪያውን ቁጥር አምኖ መድኃኒት የጀመረላቸው ሐኪም ቢኖር ግን የሚጎዳቸው በሽታው ሳይሆን ሕክምናው ነበር።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን፣ ፓዱዋ ውስጥ በአንድ የድንገተኛ ላቦራቶሪ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አለ። ከተገኙት ስህተቶች 68 በመቶዎቹ ናሙናው ማሽኑ ጋር ከመድረሱ በፊት የተፈጠሩ ነበሩ። ምርመራው በሚሠራበት ሰዓት የተፈጠሩት 13 በመቶ ብቻ። የቀሩት ውጤቱ ሲጻፍና ሲላክ የመጡ ናቸው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው ደሙ ኢዲቲኤ ውስጥ ሲገባ ፕላትሌቶቹ (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሳት) እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ማሽኑ የተጣበቀውን ክምር እንደ ፕላትሌት አይቆጥረውም። «ፕላትሌት 20,000» ይላል። ሰውየው ይደነግጣል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል። አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀብቶ ያየ ሰው ግን ክምሩን ያያል። ኢዲቲኤ በሌለበት፣ ሲትሬት በሚባል ሌላ ነገር ደሙ እንዳይረጋ በሚደረግበት ብልቃጥ እንደገና ቀድተው ሲቆጥሩ ቁጥሩ ደህና ይወጣል።

ስለዚህ ክሊኒካል ፓቶሎጂ ላይ ያሳለፍኩት ጊዜ ግማሹ ቁጥርን መጠራጠር መማር ነበር። ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ የበሽተኛ ናሙና አይደለም። መልሱ የታወቀ ናሙና ማሽኑ ላይ ይጫንና የወጣው ቁጥር ግራፍ ላይ ይነጠባል። ሌቪና ጄኒንግስ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ ያመጡት ግራፍ ነው። መቼ ማሽኑን እንደምናምን፣ መቼ አቁመን እንደምንመረምር የሚነግሩን የዌስትጋርድ ሕጎች በ1981 ተጨመሩ። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ግን ያንን ግራፍ ያላየ ላቦራቶሪ የሚሰጠኝን ውጤት እኔ በበኩሌ አልቀበልም።

«ታዲያ ከላብ ቴክኖሎጂስት በምን ትለያለህ?»

መንገዳችን ይለያያል። የላብ ባለሙያው ከመጀመሪያ ዲግሪው ጀምሮ ላቦራቶሪውን ነው የሚማረው። ማስተርስ ሲቀጥል በሄማቶሎጂ፣ በክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ በማይክሮባዮሎጂ ወይም በላቦራቶሪ አስተዳደርና ጥራት ያጠልቀዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ዘርፎች ያስተምራል። ፓቶሎጂስቱ መጀመሪያ ሐኪም ነው፤ ከዚያ ሬዚደንሲ ይገባል። ሥራው ውጤቱን ከበሽተኛው ታሪክ ጋር ማጋጨት ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ለቡና ሰዓት ይሁን። እኔን ደም ስላይድ ላይ በትክክል መቀባት ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ የላብ ሰው ናቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያበላሸሁትን እያስደፉኝ።

«ከኖርማል ውጪ ከሆነ በሽታ ነው»

አሁን ፉል ቼክአፕ ፋሽን ሆኗል። ሰው ውጤቱን በቴሌግራም ይልክልኛል፤ አንዱ ቁጥር ጎን ኮከብ አለ፤ እንቅልፍ አጥቷል።

«ኖርማል» የሚባለው ክልል የሚወጣው ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ መካከለኛውን 95 በመቶ በመውሰድ ነው። ስለዚህ ከ20 ጤነኛ ሰው አንዱ ከክልሉ ውጪ ይወድቃል። ሳይታመም። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ያሠራ ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንድ ኮከብ የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ኮከብ ሳያገኝ የወጣው ነው ዕድለኛው።

ደግሞስ የተለኩት ጤነኞች እነማን ናቸው? እዚህ ላይ የእኛ ሰው ጉዳይ ይመጣል። ሰው ከፍታ ላይ ሲኖር ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ይጨምራል ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፏል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ላይ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን ሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለካ። የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆነ። ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም! በኋላ ባሌ ከፍታ ላይ የተጠኑት ደግሞ ከእነዚህ ከፍ ብለው ተገኙ። አንድ አገር ውስጥ እንኳ ተራራ ከተራራ ይለያል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ማለት አለበት የሚል፣ በሌላ አገር ተራራ ሰው የወጣ ቀመር ይዘን የራሳችንን ደጋ ሰው «ደም አንሶሃል» ከማለታችን በፊት ቆም ማለት ይኖርብናል።

ነጭ የደም ሕዋስ ላይ የባሰ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ከ1,500 በታች ከሆነ ብዙ ላቦራቶሪ «ዝቅተኛ» ብሎ ያሰምርበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ከዚህ በታች ወይም ጠርዙ ላይ ናቸው። ይህ እስራኤል ውስጥ በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ ተጠንቶ ታይቷል። ምክንያቱ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የተባለው ምልክት ከሌላቸው ሰዎች ጋር ይያያዛል። ከኢንፌክሽን የመከላከል አቅማቸው አይቀንስም። ውጭ አገር ያላችሁና «ነጭ የደም ሴልህ አንሷል» የተባላችሁ፣ መቅኔ ለመቀዳት ከመጋደማችሁ በፊት ይህን ለሐኪማችሁ አንሱለት። የድሮ ውጤት ካላችሁ አሳዩት። ቁጥሩ ለዓመታት ያው ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። በቅርቡ የወረደ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳትና የሌላ ደም ሕዋስ ማነስ ካለበት፣ ያኔ በሚገባ ይመርመር።

«ዋይዳል ፖዘቲቭ ነው፤ ታይፎይድ አለብኝ»

ስለዚህ ብጽፍ አላበቃም። አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አንዳንዱ በዓመት ሦስቴ ተብሏል።

የዋይዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዋይዳል ያስተዋወቀው ነው። አብሮት የሚታዘዘው የታይፈስ ምርመራ፣ ዊል ፊሊክስ፣ የ1916 ነው። ሁለቱም የሚያዩት ተዋሲውን አይደለም። ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከድሮ ኢንፌክሽን ሊቀር፣ ከሌላ የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ተዋሲ ወገን) ዓይነት ወይም ከወባ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተቀድቶ የሚታይ ዋይዳል ብዙ አይነግረንም። በደንቡ ከ7 እስከ 10 ቀን ቆይቶ እንደገና ተቀድቶ፣ መጠኑ አራት እጥፍ መጨመሩ መታየት አለበት። ሁለተኛውን የሚቀዳ ማን አለ?

ሬዚደንቶችን የማሠራቸው አንድ ሒሳብ አለ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1,000 ሰዎች 20ዎቹ የእውነት ታይፎይድ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመመው 70 በመቶውን ይይዛል፤ ካልታመመው 20 በመቶውን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ከ20ዎቹ 14ቱን ያዘ። ከቀሩት 980 ውስጥ ግን 196ቱን ፖዘቲቭ አለ። ድምር 210 ፖዘቲቭ። ታይፎይድ ያለባቸው 14። ከ15 ሰው አንድ! ዐሥራ አራቱ ያለ በሽታቸው አንቲባዮቲክ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ትኩሳቱ በራሱ ሲለቅ ደግሞ «መድኃኒቱ ሠራልኝ» ይላሉ።

የተሻለው የደም ካልቸር ነው። እሱም ቢሆን ከታይፎይድ ታማሚዎች አራት አስረኛ ያህሉን ያመልጠዋል፤ ቀናትም ይፈጃል፤ በየክሊኒኩም የለም። ለዚህ ነው ቀላሉ ዋይዳል የማይሞተው።

«ባዮፕሲ አታስቆርጥ፤ ብረት ከነካው ይዛመታል»

ባዮፕሲ ማለት ለምርመራ ከእጢው ቁራጭ መውሰድ ነው። አጭር መልስ፦ አብዛኛው እጢ በመርፌ ወይም በምላጭ ስለተነካ አይሰራጭም። በመርፌ መንገድ መዛመት የሚባለው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ በሚያሰጋባቸው ጥቂት ዓይነቶች ላይ ሐኪሞች አስቀድመው ይጠነቀቃሉ። ወሬው የመጣው ሰው ዘግይቶ ስለሚመጣ ይመስለኛል። ሲመጣ ተዛምቷል፤ ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል።

እግረ መንገዴን፦ ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የምትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትብረሩ። ሥጋችሁ ሰም ውስጥ ተቀብሮ የተቀመጠበት ብሎክ የሚባል ነገር አለ። እሱንና ስላይዱን ከመረመረው ላቦራቶሪ ጠይቁ። እዚያ ያለው ፓቶሎጂስት የሚፈልገው እሱን ነው። ካልያዛችሁ እንደገና ትቆረጣላችሁ።

«ቀላል ስፔሻሊቲ ነው፤ በሽተኛ አታይም»

ሌሊት ዲዩቲው እንደ ቀዶ ሕክምና አይገድልም፤ እውነት ነው። ቀኑ ግን በንባብ ያልቃል። በሽተኛ አለማየት ግን ጭራሽ ስህተት ነው። መቅኔ ከዳሌ አጥንት እንቀዳለን። አንገት፣ ጡት፣ ብብት ላይ ያለ እብጠትን በቀጭን መርፌ ስበን እዚያው ስላይድ ላይ እንቀባለን። እኛ አገር የመርፌ ናሙና ክፍሉ ወረፋ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ ነው የሚውለው፤ የሳንባ ነቀርሳ እጢ፣ እንቅርት፣ አልፎ አልፎም ካንሰር።

አንድ ማክሰኞ ከወረፋው ስም ስጠራ ጎረቤታችን ገቡ። እንቅርታቸውን ሊያስመረምሩ። አጋድሜ አንገታቸውን በአልኮል ስጠርግ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሬሳ ቤት አልነበርክም እንዴ?»