የግዛት የፓርቲ ዝንባሌ ምንድን ነው? አዮዋን እንይ

በ2020 የፕሬዚዳንት ምርጫ ትራምፕ የአሜሪካዋን ግዛት አዮዋን በ8.2 የመቶኛ ነጥብ አሸነፉ። በ2024 በ13.2። ታዲያ አዮዋ ይበልጥ ወደ ሪፐብሊካን ሄደች? ብዙ ሰው አዎ ይላል። እኔ አልስማማም።

የፓርቲ ዝንባሌ የሚባለው አንድ ግዛት ከመላው አሜሪካ ውጤት ምን ያህል እንደሚርቅና ወደየትኛው ፓርቲ እንደሚያደላ የሚያሳይ ልኬት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በ2020 ዲሞክራቱ ባይደን በአገር ደረጃ በ4.5 ነጥብ ገደማ መርተዋል፤ አዮዋ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሄደች ሁለቱን ስንደምር ክፍተቱ 12.7 ይሆናል። በ2024 ግን ትራምፕ በአገር ደረጃም በ1.5 ገደማ መሩ። ይህን ከ13.2 ላይ ቀንሱት፣ 11.7 ይቀራል። ክፍተቱ እንዲያውም ጠበብ አለ! ወደ ሪፐብሊካን የተጠጋው በዋናነት አገሩ ነው፤ አዮዋ አብራው ሄደች እንጂ አልቀደመችውም።

የገጠር ግዛት ሁሌም የሪፐብሊካን ነው የሚለውም ነገር ልክ አይደለም። በቆሎ፣ አኩሪ አተርና አሳማ የሚመረትባት ይቺው አዮዋ በ1988 ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ አገሪቱን በ8 ነጥብ ገደማ ሲያሸንፉ፣ እሷ ግን ለዲሞክራቱ ዱካኪስ በ10 ነጥብ ብልጫ ሰጥታለች። ጊዜው ብዙ ገበሬ በባንክ ዕዳ ተይዞ መሬቱን ያጣበት ነበር፣ ቁጣውም ሥልጣን ላይ ባለው ፓርቲ ላይ ወረደ። ኦባማም ሁለቴ አሸንፈውባታል፤ ሁለቴም በአገር ደረጃ ካገኙት በሰፋ ልዩነት።

ከዚያ 2016 መጣ። ከጎረቤት ግዛት ሚኒሶታ ጋር የሚዋሰነው የአዮዋው ሃዋርድ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) በ2012 ኦባማን በ21 ነጥብ የመረጠ ሰፈር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ትራምፕን በ20 ነጥብ መረጠ። በመላው አሜሪካ እንዲህ የተገለበጠ ሌላ ካውንቲ አልነበረም። ኦባማን ሁለቴ መርጠው ወደ ትራምፕ የዞሩት የአዮዋ ካውንቲዎች በጠቅላላ 31 ናቸው። በዚያ ምርጫ የኮሌጅ ዲግሪ የሌላቸው ነጭ መራጮች በብዛት ወደ ሪፐብሊካን ዞሩ፣ አዮዋ ውስጥ ደግሞ እነሱ ብዙ ናቸው።

አንድ ምርጫ ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል ኩክ ፖለቲካል ሪፖርት የተባለው የምርጫ ትንተና ተቋም የሚያወጣው ታዋቂ ልኬት የሁለት ምርጫዎችን ውጤት ያጣምራል፤ ለቅርቡ ይበልጥ ክብደት ይሰጣል። በሱ ልኬት አዮዋ «ሪፐብሊካን 6» ናት። ከላይ ካየነው 12 ገደማ ክፍተት ጋር የተጋጨ እንዳይመስላችሁ፤ እነሱ የሚያነጻጽሩት የአንዱን ፓርቲ የድምፅ ድርሻ እንጂ በሁለቱ ተፎካካሪዎች መካከል ያለውን ርቀት ስላልሆነ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል።