የምህንድስና አካዳሚዎች ድንበር ተሻጋሪ ትብብር እና አዲስ አበባ

ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ በሙያቸው የላቀ ሥራ የሠሩ ሰዎች በአቻዎቻቸው ተመርጠው የሚሰባሰቡበትና ለመንግሥትም ለሕዝብም ገለልተኛ ምክር የሚሰጡበት ተቋም ነው፤ ከሙያ ማኅበር የሚለየውም በዚህ የአማካሪነት ኃላፊነቱ ነው። የስዊድኑ ንጉሣዊ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1919፣ የአሜሪካው በ1964፣ የብሪታኒያው በ1976 ተቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 እነዚሁ ሦስቱ ከአውስትራሊያና ከሜክሲኮ አቻዎቻቸው ጋር የመሠረቱት ጉባኤ ዛሬ የምህንድስናና የቴክኖሎጂ ሳይንስ አካዳሚዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት፣ በምኅጻር ካኤትስ፣ ይባላል። ምክር ቤቱ ከየአገሩ አንድ አካዳሚ ይቀበላል፤ ዓመታዊ ስብሰባውም ከአገር አገር ይዘዋወራል። ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካ አካዳሚ አባል ነው።

በአዲስ አበባ መልኩ ሌላ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱን መሐንዲሶች ሲያፈራ የኖረው የአምስት ኪሎው የምህንድስና ትምህርት ቤት መሐል ከተማ ላይ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ወደ ጉለሌ ከፍ ብሎ በቀድሞው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ ይገኛል። አካዳሚው በ2002 ዓ.ም. ተመሥርቶ በአዋጅ ቁጥር 783/2005 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ሲሆን፣ ምህንድስናን ከተፈጥሮ ሳይንስ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስና ከሥነ ጥበብ ጋር በአንድነት ይዟል። ከጎረቤት አካዳሚዎች ጋር የሚገናኘውም እ.ኤ.አ. በ2001 ናይሮቢ ላይ በተመሠረተው የአፍሪካ ሳይንስ አካዳሚዎች ኅብረት በኩል ነው።

ይህ አደረጃጀት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ስለ ግድብ የሚመክር ሰው ከመሐንዲሱ ሌላ የአፈር ባለሙያውንም፣ ከቀዬው ስለሚነሳው ገበሬ የሚያጠናውንም አብሮ ያገኛልና። ሆኖም የንድፍ ደረጃን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋትንና የጥገና ሥርዓትን የመሰሉ ጥያቄዎች በዝርዝር የሚፈተሹበት የመሐንዲሶች የጋራ መድረክ ያስፈልጋል። ድንበር የሚሻገር መሠረተ ልማት ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ለገሃር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው የ500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ሁለቱን አገሮች አገናኝቷል። መስመሩ የሁለት አገሮች ንብረት እንደመሆኑ አስተማማኝነቱን የሁለቱ አገሮች አካዳሚዎች ተቀናጅተው፣ ከሠሪው ኩባንያም ከኤሌክትሪኩ ገዢም ተለይተው ቢመረምሩት፣ ግኝታቸው በአዲስ አበባም በናይሮቢም እኩል ተቀባይነት ይኖረዋል።