ፍሎሮሲስ ምንድን ነው? የጊደር ጥርስ ስለ ዛሬው ውሃ አይመሰክርም

ጥርሷ የበለዘ ላም በታየች ቁጥር «የጎንደር ውሃ ፍሎራይዱ በዝቷል» የሚል ብይን መስማት የተለመደ ሆኗል። ፍሎሮሲስ ከብት በውሃም ሆነ በመኖ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ (በተፈጥሮ በአለትና በውሃ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) ለረጅም ጊዜ ሲወስድ ጥርሱና አጥንቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ፤ የሚዘነጋው ግን ጥርስ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ብቻ መሆኑ ነው። የከብት ቋሚ የፊት ጥርሶች በአመዛኙ የሚሠሩት ከግማሽ ዓመት ገደማ እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ሸክላ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ጭቃው እርጥብ ሳለ ያረፈበት አሻራ ከተተኮሰ በኋላ አይለቅም፤ ከተተኮሰ ወዲያ የሚነካው ጣት ምልክት አይተውም፤ ጥላሸት ቢይዘው እንኳ ይፋቃል። ስለዚህ ወንጂ ወይም መተሐራ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥታ ያደገች ጊደር፣ ጎንደር መጥታ ጥሩ ውሃ ብታገኝም ቡናማ ነጠብጣቧንና የተቦረቦረ ጥርሷን ይዛ ታረጃለች። ጥርሷ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ወደ ወንጂ ወይም መተሐራ የወረደች ላም ደግሞ ጥርሷ ነጭ እንደሆነ አጥንቷ ፍሎራይድ ሲያከማች ይኖራል፤ አጥንት ዕድሜ ልኩን የማይተኮስ ጭቃ ነውና። «ጥርሷ ንጹሕ ስለሆነ ውሃው አይጠረጠርም» ሲል የተከራከረኝ ሰው የሳተው ይህንኑ ነው።

ከንፈሯን ገልጦ ለሚያይ አንድ መለያ አለ፤ በአንድ ጊዜ የተሠሩ የግራና የቀኝ ጥርሶች አቻ ለአቻ ይበልዛሉ። አንዱ ጥርስ ብቻ ከበለዘ ምት ወይም ሌላ ጉዳት መጠርጠር ይቀድማል፤ ከመኖ የመጣ ቀለም ከሆነ ደግሞ ሲፋቅ ይለቃል።

የአጥንቱ ጉዳት ሲጸና በቅልጥምና በመንጋጋ ላይ ጠንካራ እብጠት ይወጣል፣ አካሄዷም ይደርቃል። ይሁን እንጂ ያነከሰች ላም ሁሉ ፍሎሮሲስ አለባት ማለት አይደለም፤ የኮቴ ሕመምና የፎስፈረስ እጥረትም ያነክሳሉ። በሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ አይለፍ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለሰው የወጣ ነው፤ ለከብት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 2 ሚሊግራም ሲሆን፣ ሙቀት ባለበት ቆላ ከብት አብዝቶ ስለሚጠጣና ፍሎራይዱ ያልወጣለት የፎስፌት ማዕድን መኖም ስለሚጨምርበት ቁጥሩን ብቻውን ማመን አያዋጣም። ውሃ ማፍላትም ፍሎራይዱን ያጠነክረዋል እንጂ አያወጣውም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጊደሯ የት እንዳደገች ይጠይቅ፣ የዚያንም ውሃ ያስመርምር። የሽንት ምርመራ በዋነኛነት የሚያሳየው በቅርቡ የገባውን ፍሎራይድ ሲሆን፣ የዓመታቱን ክምችት የሚያሳየው የአጥንት ናሙና ነው።