ስለ ሣር ላይ ቦውልስ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች እና እውነታው

እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ ወይም አውስትራሊያ የሚኖር ሰው፣ በጥንቃቄ በታጨደ ሣር ላይ ጎንበስ እያሉ ኳስ የሚያንከባልሉ ሰዎችን ሳያይ አይቀርም። ጨዋታው ቦውልስ ይባላል። መጀመሪያ ጃክ የምትባል ትንሽ ኳስ ትንከባለላለች። ከዚያ ተጋጣሚዎቹ በየተራ ትልልቆቹን ኳሶች ወደ እሷ ይልካሉ፤ የቀረበ ያሸንፋል። ቀላል ነው፤ ቀላል በመምሰሉም ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚያይ ሁሉ የራሱን ግምት ይናገራል።

«ጃኳ ላይ አነጣጥሮ መላክ ነው»

ይህን አምኖ የገባ ሰው የመጀመሪያ ኳሱ አጠገቡ የሚጫወቱት ሰዎች ሜዳ ገብታ ታሳፍረዋለች። የቦውልስ ኳስ ፍጹም ክብ አይደለችም። አንዱ ጎኗ ከሌላው የተለየ ቅርጽ ስላለው ስትንከባለል ወደ አንድ ወገን ትታጠፋለች። በሁለቱ ጎኖቿ ላይ ትልቅ እና ትንሽ ምልክት አለ፤ የምትታጠፈው ወደ ትንሹ ምልክት ነው።

እንግዲህ ቀኝ እጅህን የምትጠቀም ከሆነና ኳሷን በቀኝ በኩል አዙረህ ልታመጣት ከፈለግህ፣ ትንሹን ምልክት ወደ ግራ፣ ወደ ውስጥ ታደርጋለህ። አንድ እግርህን ከምትቆምባት ትንሽ ምንጣፍ ሳታወጣ ጉልበትህን አጥፈህ ከጃኳ በስተቀኝ ራቅ ያለ ቦታ ታያለህ፤ ጃኳን ግን አታያትም። ኳሷን መወርወር ሳይሆን ሣሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ድም ካለች አለቀላት። መጀመሪያ ቀጥ ብላ የምትሄድ ትመስላለች። መታጠፉ የሚብሰው ጉልበቷ ሲደክም፣ መጨረሻ ላይ ነው። ጀማሪ «ሳትኩ» ብሎ ፊቱን ካዞረ በኋላ ኳሱ ጃኳ አጠገብ ሄዳ የምትቆመውም ለዚህ ነው። ሜዳው ደረቅና ፈጣን ሲሆን መታጠፉ ይሰፋል፤ ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ደግሞ ይጠባል፣ ጉልበትም ይጠይቃል። ትናንት የለካኸው ዛሬ አይሠራም ማለት ነው።

«ውስጧ እርሳስ ስላለ ነው የምትታጠፈው»

ድሮ አንዱን ጎን የማክበድ ዘዴ ነበር። ዛሬ ግን የሚያጥፋት ቅርጿ ብቻ ነው።

«ከመስመር የወጣች ወይም ቦይ የገባች ኳስ ሞታለች»

ግማሹ ልክ ነው። የጎን መስመሩን አልፋ ታጥፋ የተመለሰች ኳስ ሕያው ናት፤ የምትሞተው ውጭ ከቆመች ነው። ሜዳውን የሚከበው ቦይ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በመንገዷ ላይ ጃኳን የነካች ኳስ በጠመኔ ምልክት ይደረግባታል፤ ከዚያ በኋላ በራሷ መስመር ውስጥ ሆና ቦይ ብትገባ እንኳ ትቆጠራለች። ጃኳም ተመትታ በመስመሩ ውስጥ ቦይ ብትወድቅ ጨዋታው አይቋረጥም። ለእኔ የዚህ ጨዋታ ምርጡ ሕግ ይህ ነው፤ የተሸነፈ የመሰለ ሰው ጃኳን መትቶ ሁሉንም ነገር ይገለብጠዋል።

«ሁለቱም ወገን ነጥብ ያገኛል»

አያገኝም። በአንድ ዙር ነጥብ የሚይዘው አንድ ወገን ብቻ ነው። ከተጋጣሚው ምርጥ ኳስ ይልቅ ለጃኳ የቀረቡት ኳሶቹ ይቆጠሩለታል፤ ሦስት ከቀረቡ ሦስት ነጥብ ነው። በዓይን መለየት ካልተቻለ ሜትር ይወጣል። በነጠላ ጨዋታ የተለመደው፣ ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ማሸነፉ ነው።

«የሽማግሌ ጨዋታ ነው»

ሽማግሌ ይበዛበታል፤ አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ፣ ከ1966ቱ በስተቀር፣ ብሪታንያና በአብዛኛው የቀድሞ ግዛቶቿ ከሚሳተፉባቸው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ተለይቶ አያውቅም። በ2022ቱ የበርሚንግሃም ውድድር የስኮትላንዱ ጆርጅ ሚለር በ75 ዓመቱ ወርቅ አጥልቋል፤ እይታዋ ውስን ለሆነ ተጫዋች አቅጣጫ ነጋሪ ሆኖ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ወጣቶች ቅዳሜና እሁድ በባዶ እግራቸው ይጫወቱታል።

«ከድሮም የጌቶች መዝናኛ ነበር»

ጌቶቹ ለራሳቸው ሊያስቀሩት ሞክረዋል። በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1541 የወጣው ሕግ የእጅ ባለሙያን፣ የቀን ሠራተኛንና አሽከርን ከቦውልስ ከልክሎ ለገና በዓል ብቻ፣ ያውም በጌታቸው ቤት ወይም ፊት ፈቀደላቸው። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ስንል እንግሊዞቹ በሕግ ጽፈውታል። ሕጉ የተሻረው በ1845 ነው። የተከለከለ ነገር ደግሞ ሕዝቡ የሚጫወተው እንደነበር ይመሰክራል። በ1588 የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወጉ ሲመጡ የባሕር አዛዡ ፍራንሲስ ድሬክ «መጀመሪያ ጨዋታዬን ልጨርስ» አለ የሚባለው ግን በጊዜው በተጻፈ መዝገብ የለም፤ ወሬው ብቅ ያለው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

«ነጭ ልብስና የራስ ኳስ ያስፈልጋል»

ለመሞከር አያስፈልግም። ብዙ ክለቦች ኳስ ያውሳሉ። የማይደራደሩበት ጫማው ነው፤ ሶሉ ለጥ ያለ መሆን አለበት፣ ተረከዝ ሣሩን ይወጋዋል። ኳስ ስትመርጥ በሁለት አውራ ጣቶችህና በሁለት መሐል ጣቶችህ ወገቧን ክበባት። ጣቶቹ ካልተገናኙ ትልቅብሃለች፣ አነስ ያለች ጠይቅ።