ስለ ጨዋ የፍቅር ልብ ወለድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጨዋ የሚባለው የፍቅር ልብ ወለድ የመኝታ ቤት ትዕይንት የማያሳይ፣ በደስታ የሚያልቅ ነው። አንብበው የጨረሱ ሰዎች አስተያየት ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ «ደስ ይላል» ወይም «ያው የተለመደው ነው» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ለሚቀጥለው አንባቢ ምንም አይጠቅሙም። ከጀርባቸው ደግሞ ስለ ዘውጉ የተያዙ የተሳሳቱ ግምቶች አሉ።

«መጨረሻው ከታወቀ ምን ይነበባል?»

መጨረሻው የሚታወቀው ሆን ተብሎ ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ዘውጉን የበየነው በሁለት ነገር ነው፦ የመጽሐፉ ዋና ማዕከል የሆነ የፍቅር ታሪክ እና አንባቢን የሚያረካ፣ ተስፋ ያለው ፍጻሜ። ስለዚህ «እንደሚጋቡ ገና ከጅምሩ ገባኝ» ማለት ነቀፌታ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ደራሲው ሁለቱን ሰዎች እዚያ ያደረሳቸው በምን መንገድ ነው የሚለው ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሳይለወጡ ፍቅሩ ብቻ ከተሳካ ፍጻሜው በነጻ የተሰጠ ስጦታ ይሆናል፤ አንባቢም መጽሐፉን ሲዘጋ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል።

«ጨዋ ከሆነ ስሜት አይኖረውም»

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ሲዘጋ ደራሲው በትንንሽ ነገሮች መናገር ግድ ይሆንበታል፤ ጎበዝ ደራሲ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት ከዚህ በፊት የተከዳች ናት እንበል። በምዕራፍ 3 ወደ ወንዱ ገጸ ባሕርይ ቤት ስትመጣ የመኪና ቁልፏን ከእጇ አታወጣም፤ ስታወራም፣ ሻይ ስትጠጣም ጨብጣዋለች። በምዕራፍ 20 ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ማእድ ቤት ትገባለች። እሷ ልብ አላለችም፤ እሱ ግን አይቶ ዝም አለ። «አሁን አመነችው» የሚል ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፤ ደራሲው ከጨመረው ትዕይንቱን ያበላሸዋል።

የመጀመሪያው መሳሳም ዘግይቶ መምጣቱም ድክመት አይደለም። እስከዚያ ያሉት ምዕራፎች አንዳንድ ነገር እየጨመሩ መሄዳቸውን ግን መመልከት ያሻል። አንድ ዓይነት እፍረት፣ አንድ ዓይነት የዓይን ግጭት አምስት ጊዜ ከተደገመ ታሪኩ ቆሟል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ጨዋ ማለት መንፈሳዊ ማለት አይደለም። በመንፈሳዊው የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ እምነት የታሪኩ አካል ነው፤ በጨዋው ውስጥ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

«ሁለት ሦስተኛው ካለፈ በኋላ መለያየት የግድ ነው»

የተለመደ ነው እንጂ የግድ አይደለም። ብዙ ደራስያን ሁለቱን የሚያለያዩት ከመጽሐፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ነው፤ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ከሆነ ገጽ 225 አካባቢ። ብዙ መጽሐፍ የሚወድቀውም እዚሁ ጋ ነው፤ ምክንያቱ ከውጭ ተጎትቶ ይመጣልና። የቀድሞ ፍቅረኛ በድንገት ብቅ ትላለች፣ ግማሹ ብቻ የተሰማ ንግግር ይመጣል፣ ጀግናዋ ምንም ሳትጠይቅ ሻንጣዋን ትሸክፋለች።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ችግሩ በአምስት ደቂቃ የስልክ ንግግር የሚፈታ ነው? ከሆነ፣ ስልኩን እንዳይደውሉ ያደረጋቸው ነገር ቀደም ብሎ ታይቷል? ወደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ተመልሶ ማየት ነው። ሰውዬው በልጅነቱ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር ይቀጣ እንደነበር እዚያ ከተነገረ፣ በኋላ ዝም ማለቱ ያሳምናል። ካልተነገረ ደራሲው ገጽ እየሞላ ነው፤ አስተያየት ሰጪም ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት።

«ታሪኩን ማጠቃለል አስተያየት ነው»

አይደለም። ሁለቱ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳገናኛቸው፣ ምን እንደሚከለክላቸው በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ከመጽሐፉ ሩብ ሳያልፉ ማቆም ነው። ከዚያ የተሳካ አንድ ትዕይንት፣ ያልተሳካ አንድ ትዕይንት፣ ሁለቱም ከነምክንያታቸው። በደስታ እንደሚያልቅ መናገር ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ ለምን እንደተለያዩ መናገር ግን ነው። በታሪኩ ውስጥ ሞት፣ ፅንስ መጨንገፍ ወይም ከባድ ሕመም ካለ መጠቆም ያስፈልጋል፤ የሽፋኑ ደማቅ ቀለም ይህን አይናገርምና።

«ሦስት ኮከብ ስድብ ነው»

አንባቢዎች ለመጻሕፍት እስከ አምስት ኮከብ በሚሰጡበት በጉድሪድስ ድረ ገጽ ሦስት ኮከብ «ወድጄዋለሁ» ማለት ነው።

«የመኝታ ትዕይንት ከሌለው ግንኙነቱ ጤናማ ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ ሊታረም ይገባዋል። አንድም ያልተገባ ትዕይንት የሌለበት መጽሐፍ ውስጥ የሴትዮዋን ስልክ የሚበረብር፣ ሳያማክራት ሥራዋን የሚያስለቅቃት፣ ከጓደኞቿ የሚለያት ሰው እንደ አፍቃሪ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ «እምቢ» ስትለው ምን እንዳደረገ ልብ ማለት ነው። አክብሮ ቆመ ወይስ አበባ ይዞ ደጋግሞ መጣ? ጥፋት ሲሠራስ ይቅርታ የሚጠይቀው የሠራውን በስሙ ጠርቶ ነው ወይስ ስጦታ ገዝቶ? ደራሲው ነገሩን ስሕተት አድርጎ ካሳየውና ሰውዬው ከታረመ ታሪኩ የበሰለ ነው። እንደ ፍቅር ማሳያ ካሞገሰው ግን፣ ቋንቋው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አስተያየቱ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ መጻፍ አለበት።